በቆላ አገር የጓሮ አትክልትና ፍራፍሬ



በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የተመኘው የአትክልት ቦታ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ምክንያቱንም ሲገልጽ ቦታው ለቤቱ ቅርብ መሆኑን ተናግሯል። ንጉሡ ያን ቦታ ለማግኘት የፈጸመው ግፍ እጅግ የከፋ ነው፤ የአትክልት ቦታ ለቤት ቅርብ ሊሆን ይገባል ማለቱ ግን ትክክል ነበር። ከወጥ ቤት በር አሥር እርምጃ ርቆ ያለ መደብ በየዕለቱ ይታያል፤ ይታረማል፤ የዕቃ ማለቅለቂያ ውኃ ይደርሰዋል። ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ያለ ግን የፍየል መኖ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እንዲህ ያለው ቅርብና ትንሽ የጓሮ ሥራ በቆላ አየር ንብረት፣ በተለይም በድሬዳዋና በአካባቢዋ እንዴት ሊሳካ እንደሚችል ነው።

አስቀድሜ አንድ ስሕተቴን ልናገር። ያደግሁት በደጋ ስለ ሆነ ግንቦት ሲደርስ የሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ ዘር ይመለሳል ብዬ አምን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቁምስና ሳገለግል የጥቅል ጎመን፣ የሰላጣ፣ የካሮትና የቲማቲም ዘር ገዝተን በዚሁ በግንቦት ወር ለቤተሰቦች አከፋፈልን። ሰላጣው ከነጭራሹ አልበቀለም። ካሮቱ ብቅ ብሎ ደረቀ። ቲማቲሙ ግን አደገ፤ አበባም አወጣ፤ ከዚያም አበባው ሁሉ ረገፈ። በሐምሌ ወር ምን ያህል እንደተመረተ ለመጠየቅ ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት፣ «አባ፣ የሰጡን ዘር በነጻ ነበር፤ ያጠጣሁት ውኃ ግን በጀሪካን የተገዛ ነው» አሉኝ። የተናገሩት ያለ ቁጣ ነው፤ እኔ ግን የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። እኚህ እናት ከልጆቻቸው ጉሮሮ በተቆጠበ ሳንቲም በጋሪ የመጣ ውኃ እየገዙ፣ ፍሬ ሊሰጥ የማይችልን ተክል ለሁለት ወር አጠጥተው ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈውን ለሌሎች የምታስተምሩ ካቴኪስቶች የወር ስሞችን በተለይ እንድታጤኑ አደራ እላለሁ።

ስለ ጊዜ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ብዙ አይበርድም። ከኅዳር እስከ ጥር ግን የሌሊቱ ሙቀት ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የአትክልተኛው ዘመን አቆጣጠር የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው።

ቲማቲም ለምን አበባውን እንዳረገፈ እንመልከት። የቲማቲም አበባ ፍሬ የሚይዘው ብናኙ ሕያው ሆኖ ሲቆይ ነው። ሌሊቱ ከ21 ዲግሪ በላይ ሲሆንና ቀኑም ከ32 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ ብናኙ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ አበባውም ሳይፀነስ ይረግፋል። ተክሉ አልታመመም፤ ውኃም አልጎደለበትም። ብዙ ሰው ግን አበባው ሲረግፍ ሲያይ የተጠማ መስሎት የውኃውን መጠን ይጨምራል፤ ይህም በከንቱ ነው። መፍትሔው የማበቢያውን ጊዜ ወደ ቀዝቃዛው ወራት ማምጣት ነው። ዘሩን በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ በችግኝ መደብ ላይ ዘርቶ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ወደ ዋናው መደብ ያዛወረ ሰው አበባውን በኅዳር ያያል፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮም ይለቅማል። ለጥቅል ጎመንም እንዲሁ ነው። ካሮትና ቀይ ሥር ችግኝ ስለማይፈልጉ በጥቅምት በቀጥታ በመደቡ ላይ ይዘራሉ። የካሮት ዘር ለመብቀል ብዙ ቀን የሚወስድና በዚያ ሁሉ ጊዜ እርጥበት የሚሻ ስለ ሆነ፣ መደቡን በረጠበ ጆንያ መሸፈንና ቡቃያው ብቅ ሲል ወዲያውኑ ማንሣት ይጠቅማል። አንድ ቀን የዘገየ ሰው ቡቃያውን ከጆንያው ጋር ነቅሎ ያነሣዋል።

የሰላጣ ዘር ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። የአፈሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ዘሩ ሳይሞት ይተኛል። በመስከረም መጨረሻ አፈሩ ገና ትኩስ ሳለ መዝራት የሚፈልግ ሰው ዘሩን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ሁለት ቀን በማቀዝቀዣ ቢያሳድረው፣ ማቀዝቀዣ የሌለውም ከውኃ እንስራ ሥር ቢያስቀምጠው ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ይዘራዋል።

እንግዲህ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ጓሮው ባዶ ሊቀር ነውን? አይደለም። ሙቀትን የሚወዱ አሉ፤ ከእነርሱም ዋናው ባሚያ ነው። ዘሩ አንድ ሌሊት በውኃ ተነክሮ በማግስቱ ከተዘራ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ለወጥ የሚሆን ፍሬ ይሰጣል። በየሁለት ቀኑ መልቀም ግዴታ ነው፤ የቆየ ፍሬ እንጨት ይሆናል፤ ተክሉም ሥራውን የጨረሰ መስሎት ማበቡን ይቀንሳል። ደበርጃን፣ ዱባና ሐብሐብም ሙቀቱን ይችላሉ። ስኳር ድንች የበልጉ ዝናብ ሲጥል ሐረጉ ተቆርጦ ይተከላል፤ ለጋ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። ቆስጣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ካገኘ እስከ ግንቦት ሊዘልቅ ይችላል።

ሽፈራውን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅሬታ ይኖርብኛል። በደቡብ ያለው የኮንሶ ሕዝብ፣ የእርከን ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረለት ሕዝብ፣ ይህን ዛፍ በየግቢው ይተክለዋል፤ ቅጠሉንም ቀቅሎ ከማሽላ ኩርኩፋ ጋር ይመገበዋል። ዝናብ በሚያጥርበት ዘመን ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ቅጠል የሚሰጥ እርሱ ነው። ከአንድ ሜትር ከፍ ሲል ጫፉን እየቆረጡ ቢያሳጥሩት ከእጅ አይርቅም፤ ጥላውም ሳሳ ያለ ስለ ሆነ ከሥሩ ቆስጣ ማብቀል ይቻላል። በከተማችን ሞልቶ የሚገኘው ኒም ግን ለዚህ አይሆንም። ጥላው ከባድ ነው፤ ሥሩም የመደቡን ውኃ ይሻማል።

ስለ ውኃ

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው ብዙ ነገር ሊያሰላ ይችላል። በሞቃቱ ወራት ሙሉ ቅጠል ያለው መደብ በቀን 6 ሚሊሜትር ያህል፣ በቀዝቃዛው ወራት ደግሞ 4 ሚሊሜትር ያህል ውኃ ይጠጣል እንበል። ወርዱ 1.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ መደብ 6 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በግንቦት በቀን 36 ሊትር፣ በኅዳር 24 ሊትር ይፈልጋል። ልዩነቱ በሁለት ወር 720 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር 36 ጀሪካን ማለት ነው። እነዚያ እናት የነገሩኝ ነገር በቁጥር ሲገለጽ ይህንን ይመስላል።

በድሬዳዋ በዓመት የሚዘንበው 600 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ፣ ጥቂቱም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት አንድ አምስተኛው እንኳ ቢባክንበት በዓመት ከ14,000 ሊትር በላይ ሊሰበስብ ይችላል። ያን ሁሉ የሚይዝ ዕቃ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ለመሙላት ከ9 ሚሊሜትር የማይበልጥ ዝናብ ይበቃዋል።

ነገር ግን ውኃ ስለ ማጠራቀም የሚያስተምር ሁሉ ስለ ትንኝም ማስተማር አለበት። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በከተማችን የተቀሰቀሰው የደንጊ ትኩሳት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጥሏል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ረግረግ ሜዳ ላይ ሳይሆን በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በአሮጌ ጎማና በአበባ ማሰሮ ውስጥ ነው፤ የምትነድፈውም በቀን ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከወትሮው የተለየ የወባ ወረርሽኝ ታየ። የዘርፉ ተመራማሪዎች ከእስያ ከመጣችውና አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው የወባ ትንኝ ጋር አያይዘውታል፤ እርሷም እንዲሁ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ትራባለች። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ትንኝ ከሳምንት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በርሜሉ በደንብ የሚገጥም ክዳን ወይም በገመድ ጠብቆ የታሰረ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይኑረው። በሳምንት አንድ ጊዜም ውኃው ለመደቡ ተጠጥቶ ያልቅና የውስጡ ግድግዳ በብሩሽ ይታጠብ። ውኃውን ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም፤ የደንጊ ትንኝ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በድርቀት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህን ማድረግ የማይችል ቤተሰብ ውኃ ባያጠራቅም ይሻለዋል። ለአንድ እስር ቆስጣ ሲባል ሕፃን በወባ ሊታመም አይገባም።

ውኃ ለመቆጠብ ከሞከርኋቸው ዘዴዎች ሁሉ የወደድሁት አሮጌ እንስራ ነው። አፉ የተሸረፈ የሸክላ እንስራ በመደቡ መካከል እስከ አንገቱ ይቀበራል፤ ውኃ ይሞላና አፉ ይከደናል። ሸክላው በዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ ላብ እንደሚያወጣ ሰው ቀስ በቀስ ውኃውን ይለቃል፤ ሥሮችም ወደ እርሱ ይሰበሰባሉ። ወጥ የተሠራበት ድስት ግን ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ለዚህ አይጠቅምም። ከመቅበራችሁ በፊት ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ውጭው ከረጠበ ይሠራል።

እንስራ የሌለው በጠዋት ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ያጠጣ፤ መደቡንም ከዙሪያው መሬት አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጎ ይሥራ፤ ውኃው ሳይፈስ እዚያው ይሰርጋልና። በደጋ የለመድነው ከፍ ያለ መደብ በቆላ ቶሎ ይደርቃል። በነሐሴ ዶፍ ግን ዝቅ ያለው መደብ ኩሬ እንዳይሆን ማፍሰሻ ይከፈትለት። የዕቃ ማለቅለቂያ ውኃ ለሙዝና ለፓፓያ ሥር ይሁን። በረኪና የገባበት ወይም በዱቄት ሳሙና የተዘፈዘፈ ልብስ የወጣበት ውኃ ለማንኛውም ተክል አይስማማም፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ደግሞ ያገለገለ ውኃ ሁሉ የተከለከለ ነው።

አፈሩ በጉዝጓዝ ከተሸፈነ ውኃው ይቆያል። የማሽላ አገዳ፣ ደረቅ ሣር፣ የሙዝ ቅጠል ሁሉ ይሆናል፤ አራት ጣት ያህል ወፍሮ ይነጠፍ፤ የተክሉን ግንድ ግን አይንካ። ገራባስ ለሚሉኝ፦ ስለ ጫት ያለኝን አስተያየት ለሌላ ቀን ላቆየውና፣ ገራባ በየሰፈሩ በነጻ የሚገኝ መሆኑን አልክድም። ጫት ላይ መድኃኒት ስለሚረጭ ለቅጠላ ቅጠል መደብ አልመክረውም፤ ለትልልቅ ዛፎች ሥር ግን ይሆናል፤ ፍየሎቹ ካስተረፉላችሁ ማለቴ ነው። አጥር የሌለው ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሞ አጥር ይጠር።

ስለ አፈር

በጀበናችንና በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ስለ ውኃችን ይመሰክራል፤ ኖራ አለበት። ብዙው አፈራችንም እንዲሁ ነው። ከዚህ የተነሣ በደጋ የተለመደ አንድ ምክር እዚህ ይጎዳል፤ እርሱም አመድ መበተን ነው። የደጋው አፈር ኮምጣጣ በመሆኑ አመድ ያለዝበዋል፤ የእኛ ግን በተቃራኒው ነውና አመድ ችግሩን ያባብሳል። ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥር ሊወስደው አይችልም። ምልክቱ በሎሚ፣ በመንደሪንና በብርቱካን ላይ በግልጽ ይታያል፤ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ይቀራሉ። አሮጌው ቅጠል አስቀድሞ እኩል ቢጫ ከሆነ ግን የጎደለው ናይትሮጅን ነው፤ ፍግ ይሰጠው። ለመጀመሪያው ሕመም በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ በሥሩ ዙሪያ መጨመርና ውኃ አለማብዛት ይረዳል። በውኃ የታፈነ ሥር ከኖራው ጋር ተደምሮ ቢጫነቱን ያብሰዋልና።

ብስባሽ በቆላ የሚዘጋጀው በጉድጓድና በጥላ ሥር ነው፤ ክምሩ ላይ ላዩን ከሆነ ሳይበሰብስ ይደርቃል። የፍየል በጠጥ ጥሩ ነው፤ ትኩሱ ግን ችግኝ ያቃጥላል።

ስለ ፍራፍሬ

ትዕግሥት ለሌለው ሰው ፓፓያ ይሻላል፤ በሙቀት አገር ከተተከለ ከዓመት ባልበለጠ ጊዜ ያፈራል። ፓፓያ ወንድና ሴት፣ እንዲሁም ሁለቱንም ጾታ በአንድ አበባ የያዘ ሆኖ ይበቅላል፤ በችግኝነቱም አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ይተከላል። በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ ብዙ ትንንሽ አበቦች ያወጣው ወንዱ ነው፤ ይነቀላል፤ በግቢው አንድ ቢቀር ይበቃል። ከግንዱ ጋር ተጠግቶ ነጠላ ትልቅ አበባ ያወጣው ይቀራል። ፓፓያ የተኛ ውኃን ፈጽሞ አይችልም፤ ሥሩ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ከዋለ ሊበሰብስ ይችላል። ግንዱ ዙሪያ አፈር ተቆልሎ ውኃው ራቅ ብሎ በክብ ቦይ ይሰጠው። ይህ ለሎሚና ለመንደሪንም ይሠራል፤ ግንዳቸው ሁልጊዜ ከረጠበ ልጣጩ እየተሰነጠቀ ሙጫ ያነባል፤ በመጨረሻም ዛፉ ይደርቃል።

ማንጎ በዘር ከተተከለ አምስት ስድስት ዓመት ያስጠብቃል፤ የተዳቀለ ችግኝ ያንን ጊዜ ያሳጥራል። ችግኙን ስትገዙ የተዳቀለበትን ጠባሳ በዓይናችሁ እዩ፤ ቅጠሉንም ገልብጣችሁ ተመልከቱ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ከቦታ ወደ ቦታ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ ችግኝ ነው።

ጊሽጣ፣ ሮማንና ዘይቱን ድርቅን ከማንጎ ይልቅ ይታገሣሉ። ዘይቱንና ማንጎ ሲበስሉ ትል የሚያስገባባቸው የፍሬ ዝንብ ነው። የወደቀውን ፍሬ መቅበር በቂ አይደለም፤ ጥልቅ ካልሆነ ዝንቡ ከአፈር ይወጣል። በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ ለአንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ መተው ግን ትሉን በሙቀት ይገድለዋል። ለቅማልና ለትል ደግሞ የኒም ዘር አለን፤ ግማሽ ኪሎ የደረቀ ፍሬ ነገሩ ተወቅጦ በ10 ሊትር ውኃ ያድርና በጨርቅ ተጠልሎ አመሻሽ ላይ ይረጫል፤ ፀሐይ ኃይሉን ስለሚሰብረው በቀን አይረጭም። ለሰው የሚጠጣ ስላልሆነ ከልጆች ይራቅ።

ያን ጊዜ የተናገሩኝ እናት ዛሬ አንድ መደብ ብቻ አላቸው፤ ሁለት እንስራ የተቀበረበት። በጥቅምት ቲማቲም፣ በመጋቢት ባሚያ ያደርጉበታል። ባለፈው ዓመት ለዘር የተዉትን የባሚያ ፍሬ በዛፉ ላይ አድርቀው፣ ፈልፍለው፣ በጠርሙስ አድርገው ለቁምስናው አመጡልን። ከእርሱ የምትሹ ካቴኪስቶች ከየካቲት መጨረሻ በፊት መጥታችሁ ውሰዱ።